ሦስተኛዋ ጥይት የት ገባች?

«ሦስተኛዋ ስታለች» አሉ አሥር አለቃው፣ አቅርቦ ማያውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ። 100 ሜትር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሚታያቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበር። እንግዳው አዳኝ መልስ አልሰጠም፤ ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶነቱን አሳየንና ወደ ወረቀቱ መራመድ ጀመረ። ተከትለነው ደረስን። ሁለት የመሰለን ሦስት ሆኖ ተገኘ፦ አንደኛው ቀዳዳ የሁለት ጥይት ነበር፤ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ስምንት ቁጥር ሠርተዋል። ከኪሴ የማይጠፋውን ካሊፐር አውጥቼ ለካሁ። እጅግ በሚራራቁት በሁለቱ መካከል፣ ከመሀል እስከ መሀል 26 ሚሊ ሜትር። የቡና ሲኒ ቂጥ ሦስቱንም ይሸፍናቸዋል።

እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። ጅማ ውስጥ ቶርኖ ቤት አለኝ። እንግዳው ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር በጎጀብ አድርጎ ወደ ኦሞ በኩል ሊወርድ ነበር። መንገዱ መኪናውን ሲያንገጫግጨው የጠመንጃው መነጽር ማሰሪያ ቡሎን ጥርሱ ተበልቶ መነጽሩ ላላ፤ እኔ አዲስ ቡሎን ቀረጽኩለት። (ጠመንጃ መጠገን የራሱ ፈቃድ ያለው ሥራ ነው፤ እኔ የነካሁት ማሰሪያውን ብቻ ነው።) መነጽር ተነቅሎ ከታሰረ ደግሞ ጠመንጃው እንደገና ዜሮ መደረግ፣ ማለትም መነጽሩ የሚያሳየውና ጥይቱ የሚመታው ቦታ እንዲገጥሙ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ፖሊስ አሳውቀንና አስፈቅደን፣ በሰቃ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ሄድን። ከወረቀቱ ጀርባ ገደል ስላለ ጥይት የትም አያመልጥም። አሥር አለቃው ጎረቤቴ ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ተቀጥረው ኤም ዋን የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ የተማሩ፣ በደርግ ጊዜ ክላሽ የያዙ፣ አሁን ጡረተኛ። ተኩስ ሲባል ቤት መቀመጥ አይሆንላቸውም።

የገረማቸው መምታቱ አይደለም፤ የመታው ዕቃ ነው። ጠመንጃው ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ብረቱ ደብዛዛ ጥቁር፣ ጌጥ የሚባል ነገር ያልነካው፣ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነው። ባለቤቱ ራሱ ከሱቁ ርካሹን መርጦ «ለመጠባበቂያ» ብሎ እንደገዛው ነገረን፤ እሱም ወረቀቱን ደጋግሞ ሲያየው ነበር። አሥር አለቃው ግን ደስታቸው ከቅሬታ ጋር ተቀላቀለባቸው። «ይሄ ፕላስቲክ እንዲህ ከመታ፣ እኛ ያን ሁሉ ዘመን ምን ተሸክመን ኖርን?» አሉ። ወደ ከተማ ስንመለስ መኪናው ውስጥ የመለስኩላቸው ረጅም ነበር፤ እዚህ አስተካክዬ ልጻፈው።

በቅድሚያ አንድ የቃል ጣጣ እንፍታ። ሰፈር ውስጥ «ቃታ» ሲባል አንዳንዱ ጣት የሚስበውን፣ ሌላው ደግሞ ጥይት የሚያቀባብለውን ክፍል ይላል። እኔ ጣት የሚስበውን ምላጭ፣ ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰውንና ቀለሃውን ጎትቶ የሚያወጣውን የብረት ዘንግ ቃታ እለዋለሁ። ጥይት ስል ሙሉዋን ነው፤ ከአፈሙዙ በርሮ የሚሄደው ግን አረሩ ብቻ ነው። የእንግዳው ጠመንጃ ቃታው በእጅ የሚከፈትና በእጅ የሚዘጋ፣ አንድ በተኮሱ ቁጥር አንድ የሚያቀባብሉበት ዓይነት ነው። የአያቶቻችን ምንሽር፣ ውጅግራና ቤልጅግ ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ሌላው ጣጣ «በደንብ ይመታል» የሚለው ነው። በውስጡ ሁለት የተለያየ ነገር አለ። የቡና ነጋዴ ሚዛን አስቡ። አንዱ ሚዛን ያንኑ ጆንያ አሥር ጊዜ ብትሰቅሉበት አሥሩንም ጊዜ ሁለት ኪሎ አጉድሎ ያሳያል። ሌላው አንዴ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፣ አንዴ ሦስት ይቀንሳል፣ አንዴ ልክ ይሆናል። ገበሬው በመጀመሪያው ሚዛን ቢናደድ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ያ ሚዛን ጤነኛ ነው፣ ብሎኑን ትንሽ ማዞር ይበቃዋል። ሁለተኛውን የሚያድነው የለም። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ጥይቶቹ በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ፣ ቦታው ከመሀል ቢርቅም እንኳ፣ መነጽሩን አዙሮ ወደ መሀል ማምጣት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ዜሮ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው። ከተበተኑ ግን የሚዞር ብሎን የለም። ያን ቀን ያስደነቀን የጥይቶቹ ጥግግት እንጂ መሀል መግባታቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ሦስቱም ከመሀል አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ነበሩ። ባለቤቱ ቅንጣት አልከፋውም።

አሁን ወደ መለኪያው። ተኳሾች ጥግግትን በማዕዘን ይለካሉ፦ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ አንድ ደቂቃ ይባላል። ይህ ማዕዘን 100 ሜትር ላይ ሲከፈት 29 ሚሊ ሜትር፣ 300 ሜትር ላይ 87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «የአንድ ደቂቃ ጠመንጃ» ማለት እንግዲህ ጥይቶቹን በዚህ ክልል የሚሰበስብ ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ከጠመንጃው በኩል ስታዩት ነው የሚያስደነግጠው። የጠመንጃው ቱቦ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ያ ቱቦ ሲተኮስ ጫፉ ከባለፈው ጊዜ 0.17 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ቢል፣ አረሩ 100 ሜትር ላይ 29 ሚሊ ሜትር ይርቃል። 0.17 ሚሊ ሜትር ማለት የሁለት ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። እኔ በቶርኖዬ ላይ ለወፍጮ ዘንግ ከዚህ የሰፋ ስህተት ትቼ ደንበኛው አመስግኖኝ ሄዷል።

ጭንቁ ደግሞ ይህ ሁለት ፀጉር የሚጠበቀው በምን ዓይነት ግርግር ውስጥ እንደሆነ ነው። ባሩዱ ሲነድ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት ወደ 4,000 እጥፍ ይደርሳል፤ የባጃጅ ጎማ ወደ 2 እጥፍ ገደማ ነው። አረሩ ከቆመበት ተነሥቶ በሴኮንድ ወደ 860 ሜትር ፍጥነት የሚደርሰው ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው። በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቆርጠዋል፤ አረሩን እንደ እንዝርት ያሾሩታል፣ የሚሾር ነገር ደግሞ አየር ላይ አይገለባበጥም። በ305 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር የሚያዞር ቱቦ፣ በዚህ ፍጥነት አረሩን በሴኮንድ 2,800 ጊዜ ያሾረዋል። በደቂቃ ሲሰላ ከ160,000 ዙር ይበልጣል። የእኔ ቶርኖ ጥርሱን ነክሶ በደቂቃ 2,000 ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ቱቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። ርግብግቡን ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው በየተኩሱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። ጫፉ ሁልጊዜ ርግብግቡ እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርስ አረሩ ከወጣ፣ ቱቦው ቢወዛወዝም ጥይቶቹ አንድ ቦታ ይገባሉ። ጥግግት ማለት ይኸው ነው፦ መደጋገም። ጉልበትም፣ ዋጋም፣ ጌጥም በዚህ ውስጥ ድርሻ የላቸውም።

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ይህን መደጋገም የሚችለው ምንም ስለማይሠራ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ቃታው ሲዘጋ በአናቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የብረት ጆሮዎች ዞረው ከቱቦው ግርጌ በተሠራላቸው ቤት ይገባሉ። የባሩዱ ግፊት በሁለቱ ላይ እኩል ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ተኳሹ እጁን አንሥቶ ቃታውን እስኪከፍት ድረስ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለም። ክላሽ ግን አረሩ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ከጋዙ ተቀንሶ ፒስተኑን መግፋት ይጀምራል። ክፍሎቹም ጭቃና አቧራ እንዳይገታቸው ሆን ተብሎ ሰፋ ባለ ክፍተት የተገጠሙ ናቸው። ክላሽ 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢበትን የሚወቀስ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። «ሁለቱም ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት አይደሉም እንዴ?» ብለው አሥር አለቃው ሞግተውኛል። ናቸው፤ ግን የክላሹ ቀለሃ 39 ሚሊ ሜትር፣ የእንግዳው 51 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ የባሩዱ መጠንም ሌላ ነው። አንዱ በሌላው አይገባም።

የጆሮዎቹ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው ጠመንጃ ሁለት ጆሮ ከፊት፣ ሦስተኛ ለጥንቃቄ ከኋላ ነበረው። ዛሬ ድረስ የሚሠሩት አብዛኞቹ የአደን ጠመንጃዎች ከዚያ ብዙም አልራቁም። ቤልጅግ የምንለውም የዚሁ የማውዘር ልጅ ነው፦ ኤፍ ኤን የተባለው የቤልጅግ ፋብሪካ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የክብር ዘበኛ የታጠቀው፣ 7.92 በ57 ጥይት የሚጎርስ። እንግዲህ የአሥር አለቃው ቅሬታ እዚህ ላይ ይጠነክራል። አሠራሩ አንድ ከሆነ፣ ከመቶ ዓመት በፊትም ከታወቀ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከቶርኖ ቤት ነው የመጣው ብላቸው ሳቁብኝ።

የድሮ ፋብሪካ ቱቦውን ከጠመንጃው አካል ጋር የሚገጥመው በባለሙያ ጣት ነበር። ጥይቱ የሚተኛበት ጎድጓዳ ቤት ከቃታው ፊት ሊኖረው የሚገባው ርቀት እጅግ ጠባብ ልክ አለው፤ ቢሰፋ ቀለሃ ይሰነጠቃል፣ ቢጠብ ቃታው አይዘጋም። ባለሙያው ይሞርዳል፣ ይገጥማል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሞርዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሳቬጅ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ 110 የተሰኘ ጠመንጃ ሲያወጣ ይህን ድካም በአንድ ተራ ዳዶ ገላገለው። ቱቦው በጥርስ እየዞረ ይገባል፣ መለኪያው «ልክ ነህ» ሲል ዳዶው ይጠብቃል፣ አለቀ። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣ ነበር። ርካሽ እንዲሆን የተፈለሰፈ ነገር ከውዱ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ልክ ሆነ።

ቱቦውም እንዲሁ። ቦዮቹን አንድ በአንድ በመቁረጫ መፋቅ ጊዜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ሌላ መንገድ ያዙ፦ የቦዮቹ ተቃራኒ ቅርጽ ያለውን እጅግ ጠንካራ ዘንግ በቱቦው ውስጥ ያስገቡና ከውጭ በኃይለኛ መዶሻዎች ይቀጠቅጡታል። ብረቱ በዘንጉ ላይ ተጣብቆ ቅርጹን ይወስዳል። ዘንጉ አንዴ በጥንቃቄ ከተሠራ ከሱ የሚወጡት ቱቦዎች ሁሉ መንታ ናቸው፣ እያንዳንዱም በደቂቃዎች ያልቃል። በላዩ ላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ማሽኖች መጡ። ማሽኑ ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ ልዩነት አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፤ ደንበኞቼም ያውቃሉ።

ቀጥሎ ፕላስቲኩ። አሥር አለቃው የናቁት ይህንኑ ነበር፤ ለጅማ ሰው ግን ለማስረዳት ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ የእንጨት በር አልዘጋ የማይለው ቤት ጅማ ውስጥ የት አለ? እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰበሰባል። የጠመንጃ እንጨትም ያው እንጨት ነው። ሐምሌ ላይ አብጦ ቱቦውን ከጎን ቢጫነው፣ የሚርገበገበው ክር በአንድ ቦታ በጣት እንደተያዘ ክራር ይሆናል፣ ድምፁ ይለወጣል፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይገባል። የዛሬ ጠመንጃ ቱቦው ከሰደፉ ጋር የሚገናኘው ከግርጌው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆማል። ፕላስቲኩ ደግሞ ዝናብ ቢመታውም አያብጥም።

ግርጌው ራሱ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማስረዳት የጅማን በርጩማ አነሣሁ። ባለሦስት እግሩ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ ብታስቀምጡት አይወላገድም፤ አራት እግር ያለው ወንበር ግን አንዷ እግር ካጠረች ሲንገጫገጭ ይውላል። ድሮ የጠመንጃው አካል በእንጨቱ ላይ በብዙ ቦታ ይነካካ ነበር፤ ቡሎኑን ሲያጠብቁት እንደ አራት እግር ወንበር አንዱ ጫፍ ይነሣል፣ ብረቱም በስውር ይጎብጣል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች በጥቂት የታወቁ ነጥቦች ላይ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ በሰደፉ ውስጥ በተቀበሩ የብረት መደገፊያዎች ላይ ያስቀምጡታል። አሥር አለቃው እዚህ ላይ ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺታ መሆኑን ጎረቤት በመሆኔ አውቃለሁ።

የድሮዎቹን ስም ግን ማጥፋት አይገባም። አሮጌ ጠመንጃ የሚበትነው ብዙ ጊዜ በዕድሜው ምክንያት አይደለም። አንደኛው ጠላት የራሱ ጥይት ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ ወታደራዊ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ፖታሺየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲነድ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ዝገት ይጠራል፣ ጅማ ላይ ደግሞ እርጥበት ሩቅ አይጠራም። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ የሚያወጣው ፍል ውኃ ነው፤ ከዚያ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ዘይት መቀባት። ይህን ያላወቀ ሰው ጠመንጃውን በዘይት እያንቆረቆረ ከውስጥ ሲያስበላው ይኖራል። ሌላው ጠላት መወልወያው ነው። የብረት ዘንግ በአፈሙዝ በኩል እያስገቡ ዓመት ሙሉ ሲወለውሉ የአፈሙዙ ከንፈር ወደ አንድ ጎን ይፋቃል። አረሩ ቱቦውን ሲሰናበት መጨረሻ የሚነካው ያን ከንፈር ነው። ከንፈሩ አንድ ጎን ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ይገፈትረዋል፤ የቀረው ቱቦ መስታወት ቢመስልም አያድንም። አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍም እንዲሁ፤ እርጥበቱን ይዘጋበታል፣ ተረስቶ ከተተኮሰበት ደግሞ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጠመንጃውን ሲያሞግስ ነው። አሁን ደስታውን ትንሽ ላቀዝቅዘው፤ በዕለቱም እንዲሁ አድርጌ ሰው አስቀይሜያለሁ።

ሦስት ጥይት ጥቂት ነው። የሚበትን ጠመንጃም ቢሆን አንዳንዴ ሦስቱን አጠጋግቶ ያሳያል። ጥይት በጨመሩ ቁጥር ዳር የምትወጣ አንዷ ትገኛለችና ጥግግቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። ስሌቱ የታወቀ ነው፦ ጠመንጃው ምንም ሳይለወጥ፣ በሦስት ጥይት 26 ሚሊ ሜትር የሚያወጣ፣ በአማካይ በአምስት 33፣ በአሥር ደግሞ 41 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «የኔ ጠመንጃ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው» የሚል ሰው ስታገኙ በስንት ጥይት እንደለካ ጠይቁት። ብዙዎቹ ያማረችውን አንዷን ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ያላማሩትን አምስቱን ለእሳት ማቀጣጠያ።

እንግዳው ይህን ስነግረው ቅር ቢለውም ሰባት ጨመረ፤ በየሦስቱ እያረፈ፣ ቱቦው እስኪበርድ እየጠበቀ። የአደን ጠመንጃ ቱቦ ለመሸከም እንዲቀል ቀጭን ነው፤ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ጥይቶቹም ቀስ እያሉ ይሸሻሉ። በአሥሩ 43 ሚሊ ሜትር ለካሁ። ከስሌቱ ትንሽ የሰፋ፣ ነገር ግን አሁንም የሚያኮራ። ከዚያ ከመኪናው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ጥይት አወጣና በአምስት ሞከረው፤ 70 ሚሊ ሜትር። ያው ሰው፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው የአሸዋ ጆንያ። እያንዳንዱ ቱቦ በራሱ ምት ይርገበገባል፤ የአንዱ ጥይት ፍጥነትና ክብደት ከምቱ ጋር ይገጥማል፣ የሌላው ይጋጫል። የትኛው እንደሚገጥም ከመተኮስ በቀር ማወቂያ የለም። ሳጥኑን አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ውዱም ሊበትን ይችላል።

በመጨረሻ አሥር አለቃው አላስችል ብሏቸው ጠመንጃው ተሰጣቸው። እኛ አገር ምስጋናው ሁሉ ለአልሞ ተኳሹ ነው፣ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አሸዋ በተሞላው የቡና ጆንያ ላይ ጠመንጃውን አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ለቀው፣ ሳቡ። የእሳቸው ሦስት ጥይት 90 ሚሊ ሜትር ላይ ተበተነ። እንግዳው ምንም አላለም፤ ቀጣዩን እሱ አቀባብሎ ሰጣቸው። ሳቡ፤ ቀጭ ብቻ አለ። ባዶ ነበር። አፈሙዙ ግን ወደ ታች ቆፍሮ ሁላችንም አይተነዋል። ሰውነታቸው ድንጋጤውን ጠብቆ ቀድሞ ይወራጫል፤ ከጥይቱ ድምፅ ጋር ሲሆን አይታይም፣ ባዶ ሲሆን ይጋለጣል። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ነበር ማለት ነው?» አሉ። እንግዳው አንዴ ባዶ፣ አንዴ ሙሉ እያቀላቀለ፣ የቱ እንደሆነ ሳይነግራቸው ስምንት ጊዜ አስሳባቸው። ምላጩን በጣት ጫፍ፣ ቀስ በቀስ፣ መቼ እንደሚፈነዳ ለራሳቸውም ሳያውቁት እስኪስቡ ድረስ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሙሉዎች 38 ሚሊ ሜትር። ጠመንጃውን አቅፈው ትንሽ ቆዩ።

ለአደን ይህ ሁሉ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 100 ሜትር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሚበትን ጠመንጃ 300 ሜትር ላይ 12 ይበትናል፤ በጭንቅ ይገባል፣ ለነፋስና ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚተርፍ ቦታ ግን የለም። ደግሞም አረር ከአፈሙዝ ከወጣ ጀምሮ ከእጅ እንደተለቀቀ ድንጋይ ይወድቃል። 100 ሜትር ላይ ዜሮ የተደረገው የእንግዳው ጠመንጃ 200 ሜትር ላይ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 300 ሜትር ላይ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ርቀቱን የተሳሳተ ሰው እጅግ ልከኛ በሆነ ጠመንጃ፣ እጅግ ልከኛ በሆነ መንገድ ይስታል፤ ወይም የከፋው፣ አቁስሎ ይሰደዋል። የከፍታው ነገርም ተነሥቶ ነበር። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ወደ ኦሞ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ አረሩም ቶሎ ይደክማል። ሆኖም እስከ 200 ሜትር ድረስ ልዩነቱ የሚሊ ሜትሮች ነው፤ ዜሮውን የሚያበላሸው ከአየሩ ይልቅ መንገዱ ነው። እንደደረስክ አንድ ሁለት ጥይት ተኩሰህ አረጋግጥ አልኩት፤ የቀረጽኩት ቡሎን ላይ እምነት አጥቼ ሳይሆን መንገዱን ስለማውቀው።

ይህን አንብቦ ልቡ የተነሣሣ ካለ፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም በሕግ ያስጠይቃል። ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎውን የሚያወድምበት ገበሬም ማማው ላይ በወንጭፉ ነው የሚያድረው።

አሥር አለቃው ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው አንድ ቤልጅግ ቤታቸው አለ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ጠሩኝ። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ስለ ተንሳፋፊው ቱቦ ስነግራቸው አንድ ዘዴ ጠቅሼ ነበር፤ አልረሱትም። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተን፣ የሃምሳ ብር ኖት በቱቦውና በእንጨቱ መካከል አስገብተን ወደ ኋላ ሳብነው። አሠራሩ የድሮ ስለሆነ ጫፉ ላይ መንካቱን ጠብቄ ነበር፤ ብሩ ግን ጫፉን በግድ ካለፈ በኋላ እንኳ መሀል ላይ በቀኝ በኩል ጥርቅም ብሎ ቆመ። በግራ በኩል ያልፋል። እንጨቱ ወደ አንድ ጎን አብጧል።

«ልፋቀው?» አሉኝ፣ ቢላዋ ፍለጋ እየተነሡ።

«አይንኩት ጋሼ። ኅዳር ላይ ሲደርቅ ደግመን በብሩ እንየው» አልኳቸው። ብሩን እዚያው እንደተሰካ ትተነው ቡና መጣ።